ነጎድጓዱ የት ደረሰ?

ነቀምቴ ላይ ግንቦት ሲገባ ሰማዩ ጠብ ጠብ ይለዋል። ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት መብረቅ። እኔ ጎጃም ተወልጄ እዚህ ያገባሁ ሴት ነኝ፤ ለዝናብ እንግዳ አይደለሁም፣ ነጎድጓድ ስሰማ ግን መስታወቱን እሸፍናለሁ፣ «ቀይ ልብስ ደብቁ!» እያልኩ እጮኻለሁ። ታዲያ ልጄ ከማን ትማር? ከእኔ ብሳ አልጋ ሥር መግባት ጀመረች።

ሁለተኛ ክፍል ናት፣ የከሰዓት ፈረቃ። ሰማዩ ከጠቆረ ትምህርት ቤት ብሎ ነገር የለም። መምህርቷ ጎረቤታችን ናት፤ አንድ ቀን መጥታ ቁርጡን ነገረችኝ፦ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ካመለጣት ክፍሉን ትደግማለች። ይህን ብላ ከቦርሳዋ አንድ የልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ አውጥታ ለልጄ ሰጠቻት። ስለ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ስለ መብረቅ! የምትፈራውን ነገር በሥዕል ይዘሽ መጣሽ ብዬ ልቆጣት ምንም አልቀረኝ።

መጽሐፉ በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ አንባቢዋ እሷ፣ አድማጯ እኔ ሆንን። ተረት የለውም። ይጠይቃል፣ መልሱን ሳይነግር «ሞክሪና እዪ» ይላል። የፕላስቲክ ማበጠሪያ ፀጉርሽ ላይ ፈትጊና ወደ ብጥስጣሽ ወረቀት አስጠጊ አለ። አደረገች። ወረቀቱ ንቅንቅ አላለም።

«የተጻፈ ሁሉ እውነት መሰለሽ!» አልኳት።

እሷ ፀጉሯን ዳበሰችና «ሃርሜ፣ ቅባቱ ይሆን እንዴ?» አለች። ሃርሜ የምትለኝ እናቴ ስትል ነው። የእኔ ፀጉር የዚያን ቀን ታጥቦ ደርቆ ነበር፤ ማበጠሪያውን እሱ ላይ ፈተገችው። ወይ ጉድ! ወረቀቶቹ እንደ ቁንጫ ዘለው ተለጠፉበት። መብረቅም የዚሁ ትልቁ ነው ይላል ብላ አነበበችልኝ። በስመ አብ! ይህን ሁሉ ዘመን ራሴ ላይ ተሸክሜው ኖሬአለሁ?

ብልጭታው ቀድሞ ድምፁ ለምን ይዘገያል የሚለው ገጽ ላይ ስንደርስ ደጅ አስወጣችኝ። ከሸለቆው ማዶ አንድ ሰው እንጨት ይፈልጣል። መጥረቢያው ያርፋል፣ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ «ጧ!» የሚለው ይደርሰናል። ዕድሜ ልኬን እንጨት ሲፈለጥ አይቻለሁ፣ ይህን ግን አላየሁም ነበር። አፌን ከፍቼ ስመለከት ወጡ አረረብኝ።

የመብረቅም ድምፅ እንዲሁ መንገድ ላይ ይዘገያል ይላል መጽሐፉ። ብልጭታውን ስታዪ ቁጠሪ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ከቤት እንዳትወጪ። ከዚያ ወዲህ ልጄ አልጋ ሥር ሆና ትቆጥር ጀመር። ሰንበት ብሎ አልጋው ላይ ሆነች።

የፈተናው ቀን ሰማዩ በምዕራብ በኩል ጠቆረ። ብልጭ ሲል እኔ ነጠላዬ ውስጥ ተሸጎጥኩ። ቀና ብዬ ሳይ ልጄ በር ላይ ቆማ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ...» ትላለች። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ ቁጥሩን ግን አልለቀቀችም። ሠላሳን አልፋ ሄደች። ከዚያ ከሩቅ ጉርምርም አለ።

«ገና ዲጋ ከተማ ነው፣ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ! ኮቱ፣ ነይ ሃርሜ፣ እንቀድመዋለን!»

እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ትናንት አልጋ ሥር የነበረች ልጅ ዛሬ ሰማይ ስትለካ ሳይ እንባዬ መጣ፣ ምን ልደብቅ። መንገድ ላይ ደግሞ ብልጭ አለ፣ ደግሞ ቆጠረች፤ አሁንም ሩቅ ነው። የትምህርት ቤቱ በር ላይ እጄን ለቃ ወደ ውስጥ ሮጠች። ግቢው መሃል ስትደርስ ግን ቆመች፣ ዞር ብላ አየችኝና እየሮጠች ተመለሰች።

«ሃርሜ፣» አለችኝ፣ «ስትመለሺ ማን ይቆጥርልሻል?»