ወደ መስታወቱ የሚመጣ ዓሣ

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሐበሻ ብቻውን አይሄድም፤ የሚያውቅ ሰው ይዞ ነው የሚሄደው። አዋቂው ኮፈኑን ከፍቶ ያሸታል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ሻጩን ከላይ እስከ ታች ይገላምጣል፤ ከዚያ ወይ ራሱን ይነቀንቃል ወይ ዝም ይላል። ዝም ካለ ይገዛል። የጨው ውኃ ዓሣ መግዛት ሲመጣ ግን ከጀርመንታውን እስከ ፌርፋክስ ያለው ሕዝብ ይዞት የሚሄደው አዋቂ አንድ ብቻ ነው። ኃይሉ ይባላል።

ኃይሉ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ የሆቴል እንግዳ ከኤርፖርት በማመላለስ ይተዳደራል። የዓሣውን እውቀት ያገኘው ዲቪ ደርሶት በመጣበት ዓመት ነው። ያኔ ጌይተርስበርግ ውስጥ፣ በየከተማው ቅርንጫፍ ካላቸው የቤት እንስሳት መደብሮች በአንዱ ጽዳት ተቀጠረ። ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ወለሉን ይወለውልና የሞቱትን ዓሦች በመረብ እየለቀመ ላስቲክ ውስጥ ይቋጥር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ለእያንዳንዱ አዘነ። በሁለተኛው ዓመት ነገ ማን እንደሚሞት መገመት ጀመረ። በሦስተኛው ዓመት ግምቱ አንድም ቀን አልሳተም። እንዲያውም አንድ ቀን አለቃውን ትኩር ብሎ ቢያየው፣ ሰውዬው በማግስቱ ሥራውን ለቆ ወደ እናቱ አገር ሄደ ይባላል።

ሕጎቹን አገር ያውቃቸዋል። ዓሣ ከመኪና በወረደበት ቀን አይገዛም፤ ሳምንት ይቆያል፣ መንገዱ የጎዳው ያኔ ይለያል። ዓይኑ ከደፈረሰ፣ ሆዱ ከጎደጎደ አይነካም። ክንፉ ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጥብ ከታየ ደግሞ ከዚያ የመስታወት ታንክ ውስጥ አንድም ዓሣ አይወሰድም። ትንፋሹ ሰዓት ተይዞ ይቆጠራል። ሻጩ ያበላዋል፤ ኃይሉ ሲበላ ሳያይ እጁን ከኪሱ አያወጣም። ትልቁ ሕግ ግን የመጨረሻው ነው፦ ጤነኛ ዓሣ ሰው ፊቱ ሲቆም ወደ መስታወቱ ይመጣል። የታመመው ጥጉን ይዞ ጀርባውን ይሰጣል። «የመጣልህን ግዛ» ይላል ኃይሉ፤ ሌላ ምክር የለውም።

ይህ ሁሉ ምርመራ ያልደረሰው ለአንድ ፍጡር ብቻ ነበር፤ ለራሱ ለኃይሉ።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ካለፈው ታንክስጊቪንግ ወዲህ ኃይሉ ሁለተኛው ፎቅ ሲደርስ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ መቆም ጀመረ።

«ሄሎ! ሄሎ!» ይላል፣ እያለከለከ።

«ማነው የደወለው?» ትለዋለች ሚስቱ ንግስት ከላይ።

«ስፓም ነው!»

በመላው ሜሪላንድ እንደ ኃይሉ የአጭበርባሪ ስፓም የሚደወልለት ሰው አልነበረም፤ ያውም ሁልጊዜ ሁለተኛው ፎቅ ላይ።

የቤተሰብ ሐኪሙ ልቡን በቶሎ ካልታየ አንድ ቀን መንገድ ላይ እንደሚቀር በግልጽ ነግራዋለች። ንግስት አራት ጊዜ የልብ ሐኪም አፖይንትመንት ያዘችለት፤ አራት ጊዜ ካንስል አደረገው። አምስተኛው ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነበር።

«ያቺን የዓሣ ዓይንህን አንድ ቀን እንኳ መስታወት ፊት ቆመህ ራስህ ላይ ብትሞክራት ምን አለ?» አለችው።

«እኔ ደህና ነኝ።»

«እሱንማ ለስፓሙ ንገረው።»

ረቡዕ ዕለት በፍቃዱ ኮል አደረገ። በፍቃዱ የቆየ ጓደኛው ነው፤ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ለአረጋውያን የቤት ለቤት እንክብካቤ የሚሰጥ ቢሮ ከፍቷል። ቅዳሜ ፓስተሩ መጥተው ሊጸልዩበት ነው። በእንግዳ መቀበያው ውስጥ የሬሳ ሣጥን የሚያህል አኳሪየም አስገብቷል፤ ዓሣውን ግን አዋቂ ሳይዝ ራሱ ሄዶ ገዛ። ሦስት ጊዜ ገዛ፣ ሦስቱም ጊዜ አለቁበት።

«መደብሩ ሬሳውን ከነደረሰኙ ካመጣህ እንተካልሃለን ብሎኛል» አለ በፍቃዱ። «ስለዚህ ሬሳ በሬሳ ላይ ፍሪዘር ውስጥ ደርድሬአለሁ። ትናንት ሚስቴ አንዱን ለወጥ ልታወጣው ነበር! ኃይልዬ፣ አዲሱ ጭነት ነገ ሳምንቱን ይሞላል። ነገ ጠዋት ድረስልኝ።»

ኃይሉ ነገ ጠዋት ሐሙስ መሆኑን ያውቃል። አምስተኛውን አፖይንትመንት በቴክስት ካንስል አደረገና በማግስቱ ለንግስት «ወደ ሐኪሙ ሄጃለሁ» ብሏት ወጣ።

የአሌክሳንድሪያው መደብር ዓሣ የሚሸጥበት ክፍል ጨለም ያለ ነው፤ ሰማያዊ መብራት ብቻ ይበራል። ግድግዳው ሙሉ ታንክ ነው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ። እዚያ የምትሠራው ሰሊና እዚሁ የተወለደች የሐበሻ ልጅ ናት፤ ኃይሉ ሲገባ ኢንስፔክተር እንደመጣባት ትቆምለታለች።

«ሃይ ጋሼ! ዛሬ ኤቭሪባዲ ቁርስ በልቷል፤ ቢፈልጉ አጌን አበላቸዋለሁ።»

በፍቃዱ ቀድሞ ወደ አንደኛው ታንክ ተጠጋ። ነጭ መቀነት የታጠቁት ብርቱካናማ ዓሦች ተንጋግተው ወደ መስታወቱ መጡለት። «አየህ! ወደዱኝ!» አለ።

ኃይሉ በትከሻው በኩል ብቅ አለ። ዓሦቹ ቆሙ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዞሩና ጥጋቸውን ያዙ።

ወደ ሁለተኛው ታንክ ሄደ። ዞሩ። ወደ ሦስተኛው ሄደ። ገና ሳይደርስ ዞሩ። በግድግዳው ርዝመት እየተራመደ ሲሄድ ከፊቱ ከፊቱ ዓሣው ሁሉ ጀርባውን ሰጠው።

«ምን ዓይነት ሽቶ ነው የተቀባኸው?» አለ በፍቃዱ፤ ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

ኃይሉ ከታች፣ ከጥጉ ታንክ ፊት ጉልበቱን አጠፈ። እዚያ መዳፍ የሚያህል ቢጫ ዓሣ ብቻውን ነበር። ቢጫው አልሸሸም፤ ቀስ ብሎ መጣና አፉን መስታወቱ ላይ አደረገ። ኃይሉ ደስ አለው። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ ዓሣው የሚያየው በቅደም ተከተል ነበርና። መጀመሪያ ዓይኑን አየው። ከዚያ ሆዱን። ከዚያ ደረቱ ላይ ቆየ። ይህን ቅደም ተከተል ኃይሉ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ የራሱ ነው።

ከልማዱ ሰዓቱን አውጥቶ የዓሣውን ትንፋሽ ቆጠረ። በደቂቃ ሠላሳ አራት። ዓሣ እንዲህ ዝግ ብሎ፣ ሰው ደግሞ እንዲህ ፈጥኖ አይተነፍስም። ምን እንደገፋፋው እንጃ፣ የራሱን ትንፋሽ ያዘ። የዓሣው ጉንጭ ቆመ። ለቀቀው። የዓሣው ጉንጭ ተንቀሳቀሰ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሌላ ሰው ይጮህ ነበር። ኃይሉ ግን ባለሙያ ነው፤ ውጤቱን ተናገረ።

«በፌ፣ ይሄን እንዳትገዛ። ዓይኑ ደፍርሷል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ትንፋሹ ሠላሳ አራት ነው፣ ያውም ቆሞ። እስከ እሁድ አይቆይም።»

«የቱን?»

«ይሄን ቢጫውን ነዋ!»

በፍቃዱ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ከዚያ ኃይሉን አየ። «ኃይልዬ፣ እዚህ ውስጥ እኮ ዓሣ የለም።»

ሰሊና መጣች። «ጋሼ፣ እሱ ታንክ ኤምፕቲ ነው። ቢጫው ማክሰኞ ሞተ። አይ ሚን… የሚያዩት የራስዎን ፊት ነው።»

ኃይሉ እንደገና አየ። እውነትም ውኃና የራሱ ፊት ብቻ ነበር። የለበሰው ጃኬት ጥቁር ነው፤ ቢጫ ነገር በአካባቢው አልነበረም። ከውኃው በላይ ባለው ባዶ ቦታ ግን፣ መስታወቱ በውስጥ በኩል፣ የአፍ ስፋት ባለው ክብ ጉም ደብዝዞ ነበር። ጉሙ ቀስ እያለ ጠፋ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የሚያውቁት ሰዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። ኃይሉ ሞትን ይፈራ ነበር፤ ግን ከሞት ይልቅ መሳሳትን ይፈራል። «እስከ እሁድ አይቆይም» ብሎ ሁለት ምስክር ባለበት ተናግሯል። ወይ ውጤቱን ስቦ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳሳትኩ ማለት ነበረበት፣ ወይ ደግሞ…

«በፌ፣ መኪናውን አስነሳ። ኢመርጀንሲ ውሰደኝ።»

«ዓሣውስ?»

«ዓሣው እኔ ነኝ።»

ኢመርጀንሲ ደርሰው አልጋ ላይ ለመውጣት ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ሁለት የልቡ ደም ሥሮች ሊዘጉ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ሐኪሙ ከፍተው ካስተካከሉለት በኋላ፣ ዘግይቶ ቢሆን እሁድን ማየቱን እንደሚጠራጠሩ ነገሩት። ኃይሉ በፍቃዱን ዞር ብሎ አየው። «አላልኩህም?» አለ።

ንግስት ስትደርስ አልጮኸችም። ይህ ከልብ ሕመሙ በላይ አስፈራው። «ሐኪም ጋ ነኝ ብለኸኝ ነበር» አለችው ቀስ ብላ። «ይኸው፣ አልዋሸህም።»

ያስተኙት ክፍል ፊት ለፊቱ ሙሉ መስታወት ነው። ነርሷ በየሰዓቱ እየገባች ዓይኑን ታያለች፣ ትንፋሹን በሰዓቷ ትቆጥራለች፣ ምግብ አምጥታ እስኪበላ ድረስ ከአጠገቡ አትንቀሳቀስም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እየመጡ ከመስታወቱ ወዲያ ተሰልፈው ይቆሙለታል። ኃይሉ ምን እንደሚያዩ ገባው። የግሉኮሱን መስቀያ ዘንግ እየገፋ ተነሣና ወደ መስታወቱ ሄዶ እጁን አውለበለበ። ንግስት እየሳቀች አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቢጫ ካፖርት የለበሰ ሰው በኮሪደሩ ብቅ አለ። አፉ ትንሽ ነው፤ ሳይናገር ይከፈትና ይዘጋል። በየክፍሉ ፊት እየቆመ፣ ሰዓቱን እያየ ያልፋል። ከኃይሉ ቀጥሎ ባለው ክፍል አንድ ደስተኛ ሽማግሌ ነበሩ፤ የቀረበላቸውን ሁሉ አጣጥመው የሚበሉ፣ ላለፈ ላገደመው ሰላምታ የሚሰጡ። ሽማግሌው ተነሥተው ወደ መስታወቱ መጡና ባለ ቢጫ ካፖርቱን «ሃይ!» አሉት። ሰውዬው «ይሁን» እንደማለት ራሱን ዝቅ አደረገ።

በማግስቱ አልጋቸው ባዶ ነበር፤ አንሶላው ተለውጧል።

«የት ሄዱ?» አለ ኃይሉ።

«ወደ ቤታቸው» አለች ነርሷ። ወደ የትኛው ቤት እንደሆነ ሊጠይቃት ድፍረት አጣ።

ምሳ እንደቀረበ ቢጫው ካፖርት ተመልሶ መጣ። በቀጥታ የኃይሉ መስታወት ፊት ቆመና ሰዓቱን አወጣ። ያን ጊዜ ኃይሉ ዕድሜ ልኩን ለሰው ሲያስተምር የኖረውን ሕግ ከወዲያኛው በኩል አየው፦ ወደ መስታወቱ የመጣ ይገዛል።

ሾርባውን ገፋ። ወደ ግድግዳው ዞሮ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ሳበ።

«ምን ሆንክ? አሁን እየበላህ አልነበር?» አለች ንግስት።

«ዝም በይ! አሞኛል በያቸው!»

«አንተ ሰውዬ፣ ስድስት ወር ሙሉ ደህና ነኝ ስትለኝ ከርመህ!»

«አሁን አሞኛል! በጣም! ወደ ውጭ አትዪ፣ እጄን ብቻ ያዢኝ።»

ያዘችው። ኃይሉ ጀርባው ላይ ዓይን እንዳረፈበት እየተሰማው፣ ትንፋሹን እየቆጠረ ተኛ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሠላሳ አራት ሲደርስ ጀርባው ቀለለው። ዞር ሲል ኮሪደሩ ባዶ ነው፤ መስታወቱ ላይ ግን ክብ ጉም ነበር። ነርሷ «የምግብ ፍላጎት የለውም» ብላ ጻፈችና ሁለት ቀን ተጨመረለት። ኃይሉ አመሰገናት።

ዛሬ አፖይንትመንቱን አንድም አያሳልፍም። ሁለተኛው ፎቅ ላይም ስልክ አይደወልለትም። ለዓሣም ሰው ይዞት ይሄዳል፣ ዓሦቹም እንደ ድሮው ወደ መስታወቱ ይመጡለታል። እሱ ግን ከመምረጡ በፊት ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ያንሾካሹክላቸዋል፤ ወዲያው ሁሉም ዞረው ጥጋቸውን ይይዛሉ። ከዚያ ለገዢው «አይሆንም» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚሏቸው?» ብላ ሰሊና ጠይቃው ነበር።

«ቢጫው ያስተማረኝን ነው የምነግራቸው» አላት።

የበፍቃዱ አኳሪየም እስካሁን ባዶ ነው። ፓስተሩም ያን ቅዳሜ ቸግሯቸው ውኃውን ባርከው ሄደዋል። መብራቱ ይበራል፣ ፓምፑ ይንፏፏል፤ ተራ የሚጠብቁ እንግዶች ዓሣ የተደበቀ እየመሰላቸው ጎንበስ ብለው ያያሉ። በፍቃዱ እንደሚለው፣ አንዳንዶቹ ቶሎ ቀና አይሉም። መስታወቱን እያዩ ይቆዩና፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ሰዓታቸውን ያወጣሉ።