ግማሹ ኢፍቱ ጋ ነው

ባለፈው ዓመት አባቴ ሲያርፍ ሳጥኑን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። ከጡረታ ወረቀቶቹ ሥር በሲሚንቶ ከረጢት የተሸፈነ ግማሽ መጽሐፍ አገኘሁ። የስድስተኛ ክፍል ታሪክ፣ ከመሀል ጀምሮ እስከ መጨረሻው። ዛሬም ላምባ ላምባ ይሸታል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ያስለቀሰኝ የአባቴ ሞት ብቻ አልነበረም።

ልጅ እያለሁ አባቴ ጭሮ ተመድቦ ታሪክ ያስተምር ነበር፤ ያኔ አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። መጽሐፍ የሚታደለው ለሁለት ተማሪ አንድ ነው። የእኔ ተጋሪ ኢፍቱ ነበረች፤ እናቷ ጫት ይነግዱ ነበር። መጽሐፉ አንድ ሳምንት እኛ ቤት፣ አንድ ሳምንት እነሱ ቤት ያድራል። ፈተና ሲቃረብ ግን ሁለታችንም ፈለግነው። ስለዚህ በአባቴ ምላጭ ከስፌቱ ላይ ለሁለት ቆረጥነው፤ ፊተኛው ለእሷ፣ ኋለኛው ለእኔ። ለፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ልንለዋወጥ እሷ ወላሂ፣ እኔ በማርያም ብለን ማልን። አባቴ ሲያውቅ ጆሮዬን ሊነቅለው ምንም አልቀረው።

በዚያው ሰሞን አባቴ በእኛው አካባቢ ስለተካሄደ የድሮ ዘመቻ አስተማረ። መጽሐፉ «አገሩ ቀና፣ ሰላም ሰፈነ» ይላል። ኢፍቱ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አያቴ ግን መሬታችን የተቀማው ያኔ ነው ይላሉ። ከአባታቸው ነው የሰሙት።»

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ደነገጠ።

«ፈተና ላይ የሚመጣው የመጽሐፉ ነው። ቁጭ በይ» አላትና ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ፣ ተነሽና አንብቢ።»

ተነሥቼ ከግማሼ ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «አጨብጭቡላት!» አለ። ተጨበጨበልኝ። ደስ አለኝ፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ኢፍቱ ከጎኔ አንገቷን ደፍታ ዴስኩን በጥፍሯ ትፍቅ ነበር።

ወሬው ከክፍል ወጥቶ ከተማ ገባ። መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነበርና ሰዉ ሁሉ ሆድ ብሶታል። ሳምንት ሳይሞላ አባቴ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በድንጋይ ተመታ፤ ግራ ዓይኑ በዚያው ጠፋ። የኢፍቱን ታላቅ ወንድም አሰሩት። እሱ ይወርውር አይወርውር እስከ ዛሬ አላውቅም። አባቴም የወረወረውን አላየሁም ይል ነበር፤ የሰማው ግን የለም።

ዕቃችንን አይሱዙ ላይ ጭነን ከጭሮ ስንወጣ ኢፍቱ ከመንገዱ ማዶ ቆማለች። በእጇ ግማሿን ይዛለች። ለካ ለፈተናው ሦስት ቀን ነበር የቀረው። ልወርድ ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። እኔም አልታገልኩም።

ዛሬ ልጄ ለብቻዋ ሙሉ መጽሐፍ አላት፤ ስልኳ ውስጥ ነው፣ ከማንም አትጋራም። በቀደም ስለዚያ ዘመቻ ጠይቃኝ የኢፍቱ አያት ያሉትን ልነግራት ስጀምር «እማዬ፣ የእኛ መጽሐፍ እንደዚያ አይልም» ብላ አቋረጠችኝ። ልክ አባቴን መሰለችኝ። ሄጄ ግማሹን መጽሐፍ አመጣሁላት። አገላበጠችው።

«መጀመሪያውስ የታለ?»

«ኢፍቱ ጋ» አልኳት።

የእኛ መጽሐፍ ጎደሎ ነበር። ቀሪው ማን እጅ እንዳለ ግን እናውቅ ነበር።