ከትልቁ ጎማ ሥር ቦርሳ ይዤ

ሳንታ ሞኒካን፣ የሎስ አንጀለስን ባሕር ዳር፣ ያላስጎበኘሁት ሐበሻ ካለ ገና ያልተወለደ መሆን አለበት። በዚያ ዘመን ከአገር ቤት እንግዳ የመጣበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነበር። ታክሲ አለኝ፣ ፓርኪንግ የት እንደሚገኝ አውቃለሁ፣ እምቢ ማለት ደግሞ አልችልበትም። «ጋሼ፣ መቼም ባሕሩን ሳያዩ አይመለሱም» ይሉኛል። አየር ማረፊያ ተሰልፌ የዋልኩበት ወገቤ ሳይቃና ሌላ ጉዞ ይጀመራል።

የሚታየውም ያው ነው። መጀመሪያ ፒሩ፤ ከአሸዋው ተነስቶ ባሕሩ ላይ የተዘረጋው የእንጨት ድልድይ። ፒሩ ላይ እኛ ትልቁ ጎማ የምንለው አለ፤ ሰው ተቀምጦበት ላይ ወጥቶ ዞሮ የሚመለስበት። ጫፉ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ሽማግሌዎች አሉ፤ አንድም ቀን ዓሣ ሲይዙ አላየሁም። ከዚያ ቬኒስ የሚባለው ጎረቤት ባሕር ዳር። ዘይት ተቀብተው ብረት የሚያነሱ ጎረምሶች፣ ከበሮ መቺዎች፣ ባለ ጎማ ጫማ አድርገው የሚንሸራተቱ አሮጊቶች። ቀን ከተረፈ ማሊቡ ድረስ መንዳትና የሀብታም አጥር ማሳየት ነው፤ ቤቱማ አይታይም። ጸሐይ ስትጠልቅ ፎቶ፣ ከዚያ የአንድ ሰዓት ትራፊክ።

እንግዳ ደግሞ ዓይነቱ ብዙ ነው። አንድ ሽማግሌ ሙሉ ሱፋቸውን ከነክራቫታቸው ለብሰው መጡ። ጫማዎን ያውልቁ ብላቸው እምቢ ብለው ማዕበሉ ጉልበታቸው ድረስ አራሳቸው፤ ሲመለሱ ካልሲያቸውን ታክሲዬ ውስጥ ጨመቁት። አንዲት እናት ውሃውን በላስቲክ ቀድተው ለሪህ ይሆነኛል ብለው ይዘው ሄዱ። ጠበል አይደለም ብላቸው ማን ሊሰማኝ። ወንበሬ ሥር ያለው አሸዋ ተጠርጎ አያልቅም ነበር።

እኔ ራሴ ጎማው ላይ ወጥቼ አላውቅም። ሰው ሲወጣ ቦርሳ፣ ነጠላና ጫማ የሚይዝ ያስፈልጋል፤ ያ እኔ ነኝ። ከታች ቆሜ ስንቱን የሰው ቦርሳ ተሸከምኩ። ውጣ ውጣ ሲሉኝ «ይኼን ማን ይይዘዋል?» እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ደክሞኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲዞር የሚውል ሰው ሌላ መዞር አያምረውም።

እኛ ሕንጻ ላይ፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት ሴት ትኖር ነበር። በዲቪ የመጣች፣ ከእኔ በብዙ ዓመት የምታንስ። ሳምንቱን ሙሉ በአውቶቡስ ቫን ናይስ ድረስ እየሄደች አንዲት አልጋ ላይ የዋሉ ፈረንጅ ታስታምማለች፤ እሑድ ቢሮ ታጸዳለች። ሎስ አንጀለስ ከገባች ዓመታት ቢያልፉም ባሕሩን አላየችውም ነበር። በሞቀ ቀን መስኮት ስለሚከፈት ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ እሰማታለሁ። እናቷ በየስልኩ «ባሕሩን አየሽው ወይ?» ይሏታል፤ እሷም «አየሁት እማዬ፣ ሁልጊዜ ነው የምሄደው» ትላለች። ደረጃው ላይ ስንገናኝ እሥቅባታለሁ። አንድ ቀን እወስድሻለሁ ስላት «ኦፍ ሳገኝ» ትለኛለች። እንኳን ኦፍ ልታገኝ፣ እንቅልፍም አታገኝም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የእድራችን ሊቀመንበር ደወሉልኝ። የልጅቱ እናት አርፈዋል፤ አገር ቤት ቀብሩም አልቋል። ወንድሟ ከላስ ቬጋስ እየነዳ ነው፤ እሱ ሳይደርስ ማንም እንዳይነግራት ተስማምተዋል። ጉዱ ግን ልጅቱ ያን ቀን ኦፍ ናት። እቤቷ ስልኳን ይዛ ከዋለች አንዱ ችኩል የእናቷን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ይልበታል። «ያን ባሕር ባሕር የምትለውን ዛሬ አሳያት። እስኪመሽ አቆይልን» አሉኝ።

እኛ ሞትን በስልክ አንናገርም። ሰው ብቻውን እንዳይሰማው፣ ሥራ ላይ እንዳይሰማው፣ መኪና እየነዳ እንዳይሰማው ተብሎ ነው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ አንድ ላይ በሩ ይንኳኳል፣ ያኔ መርዶው ይነገራል። አገር ቤት ጎሕ ሲቀድ ነበር። እዚህ ጎሕ ሲቀድ ግማሹ ሰው ፍሪዌይ ላይ ስለሆነ ከሥራ መልስ አደረግነው። ለምን እኔ ብዬ ተከራከርኳቸው። ሌላ ማን ያውቅበታል አሉኝ። ተረገምኩ ብዬ ሸሚዜን ቀየርኩ።

በሯን ሳንኳኳ ፀጉሯን ታጥባ ፎጣ ጠቅልላለች። ታክሲው ዛሬ ሥራ የለውም፣ ነይ ባሕሩን ላሳይሽ አልኳት። ደስታዋን ማየት አልቻልኩም። ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ወጣች፤ የዋጋ ወረቀቱ ከላዩ ላይ ሳይነሳ ቁም ሳጥን ውስጥ የኖረ ቀሚስ ነው። ጠቆር ያለ ነገር ልበሺ ልላት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

ባሕር ዳር ሌባ ስለማይጠፋ ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ፣ ቦርሳውን እኔ ልያዝልሽ አልኳት። አመነችኝ። ምን ታድርግ፣ ከታች ስኖር ክፋት አላየችብኝም።

ፒሩ ሥር ፓርክ አደረግኩና ወደ አሸዋው ወረድን። ጫማዋን አውልቃ ውሃው ጫፍ ደረሰች፤ ማዕበሉ ሲመጣ ትሸሻለች፣ ሲመለስ ትከተለዋለች። ትንሽ ቆይታ ጠራችኝና በአንተ ስልክ ቅረጸኝ አለች። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ በሌላው ወደ ውሃው እያመለከተች ካሜራውን አየች።

«እማዬ፣ ይኸው ባሕሩ! አሁንስ እውነቴን ነው።»

ቀረጽኩ። አሁኑኑ ላክላቸው አለችኝ። እዚህ ኢንተርኔቱ ደካማ ነው፣ እቤት ስንገባ እልካለሁ አልኳት። አንጀቴን በላችው። እዚያው አሸዋ ላይ ቁጭ ብዬ ማልቀስ አምሮኝ ነበር፤ ግን ፊቴን ታነብብኛለች ብዬ ፈርቼ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ዞርኩ።

ጎማው ላይ እንውጣ ብላ ክንዴን ጎተተችኝ። እንደ ልማዴ ቦርሳውን አሳየኋት፤ ብቻዋን ወጣች። ገና ላይ ሳትደርስ ቦርሳው ውስጥ ስልኳ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። አውጥቼ ሳየው አንዴ ከቨርጂኒያ ነው፣ አንዴ ከአገር ቤት ነው። እሷ ከላይ ሆና እጇን ታወዛውዝልኛለች፤ እኔም በአንድ እጄ እያወዛወዝኩላት በሌላው ስልኳን አጠፋሁት። በዕድሜዬ እንደዚያች ደቂቃ የጠላሁት ነገር የለም።

ከዚያ በኋላማ እንደዚያን ቀን አስጎብኝቼ አላውቅም። ሣቋ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር ሌላ የሚታይ እፈልጋለሁ። ቬኒስ ከበሮ መቺዎቹ ጋ አቆምኳት። አይስክሬም ገዛሁላት። ከሰው ቤት በር ላይ ጀልባ የሚታሰርበትን የውሃ መንገድ ዳር ለዳር አስኬድኳት። ማሊቡ ወሰድኳት። እኔ እግሬን እጎትታለሁ፤ እሷ ደግሞ ይኼ ሁሉ እዚህ እያለ የት ነበርኩ ትላለች። ስንመለስ ወንበሩ ላይ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ተኛች፤ ጣቶቿ መሃል አሸዋ ነበር። ትራፊኩ የቆመ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ትራፊክ ባይለቀቅ ብዬ ተመኘሁ።

ሰፈር ስንገባ የምናውቃቸው ሰዎች መኪናዎች ከሕንጻችን እስከ ማዕዘኑ ተደርድረዋል። ነቃችና አየቻቸው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ደረጃውን ስትወጣ ሴቶቹ ነጠላ ዘቅዝቀው ቆመዋል፣ ወንድሟ መሃላቸው ነው። ጩኸቷን አልናገረውም። አንዷ ያን ቢጫ ቀሚስ በነጠላ ሸፈነችላት።

ለቅሶው ጋብ ብሎ ሰው ሲቀንስ ምግብ ይዤ ወጣሁ። ወንበር ሳበችልኝና ስቀረጽ ታውቅ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አውቅ ነበር አልኳት። እዚያው ብትነግረኝ ምን ነበረበት አለች። ደንቡ ነው፣ ብቻሽን እንዳትሰሚ ብለን ነው አልኳት።

«ብቻዬን አልነበርኩም፤ አንተ ነበርክ» አለች። «እናቴ አፈር ለብሳ እኔን ጎማ ላይ አወጣችሁኝ። እኔ ብሆን እዚያው እነግርህ ነበር።»

ሳህኑን አስቀምጬ ወረድኩ። ተቆጣሁ፤ በእሷ ይሁን በሊቀመንበሩ ይሁን በራሴ አላውቅም። ቪዲዮውን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አላጠፋሁትም። ሰላምታ ግን አላቋረጠችም፣ ያ ደግሞ የባሰ ከበደኝ።

ማስጎብኘቱን ተውኩት። እንግዳ መጣ ሲሉኝ ወገቤን አሞኛል እላለሁ፤ ውሸትም አልነበረም። ወሬው ተሰምቶ ኖሮ ሰፈር ውስጥ መቀለጃ ሆንኩ። አንዱን ና ባሕር ዳር እንሂድ ብለው «ማን ሞተ?» ይለኛል። በኋላ በስልክ የሚጠራው መኪና መጥቶ የታክሲውን ሥራ ሲገድለው ታክሲውን መልሼ ፓርኪንግ ቤት ተቀጠርኩ። ጎረቤቴ ደግሞ መንጃ ፈቃድ አወጣች፣ ያገለገለች ኮሮላ ገዛች፣ ቫን ናይስ በራሷ መኪና መሄድ ጀመረች።

እንዲህ ስንኖር አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ቁልፏን በጣቷ እያዞረች ቆማለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ እኔ ላዙርህ። ባሕር ዳር እንሂድ» አለችኝ። «ስልክህን እዚሁ ተወው።»

አባቴ ደብረ ብርሃን ናቸው። ከክረምት ጀምሮ አልጋ ላይ ናቸው፤ በየሁለት ቀኑ ሳይደውል የማይቀረው ወንድሜ ሰሞኑን ጠፍቶብኝ ነበር። ከትከሻዋ በላይ መንገዱን አየሁ፤ የሊቀመንበሩ መኪና ከማዶ ቆማለች፣ እሳቸውም ውስጧ ጎንበስ ብለው የተደበቁ መስሏቸዋል። የበሩን መቃን ያዝኩ። ከዚያ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ኮቴን አነሳሁ፤ ጥቁሩን።

መንገድ ላይ እሷ ሁለቱን እጇን መሪው ላይ አድርጋ ፊት ለፊት ብቻ ታያለች። እኔ ፓርኪንግ ከየት እንደሚሻል አሳየኋት፤ እዚህ ታጠፊ፣ እዚህ ይወደድብሻል እያልኩ። ሰው በእንዲህ ያለ ቀንም ስለ ፓርኪንግ ያስባል። አሸዋው ላይ ወረድንና ያን ቀን የቆመችበት ቦታ ስንደርስ ቆመች። እኔን ለማየት ድፍረት አጥታ ውሃውን አየች። የተናገረችውን አልረሳችም፤ እኔም አልረሳሁም። ደንቡን ልታፈርስልኝ ነው ያመጣችኝ።

«ጋሼ…» አለች።

ስንት ዓመት ሙሉ ልክ ናት እያልኩ ራሴን ስኮንን ኖሬአለሁ። ተራው የእኔ ሲሆን ግን መስማት አልፈለግሁም። ጥቂት፣ በጣም ጥቂት ጊዜ ፈለግሁ።

«ቆይ» አልኳት። «መጀመሪያ ጎማው ላይ እንውጣ።»

ዞራ አየችኝ። ማወቄን አወቀች፤ ዓይኗ ሞላ። ወጥተህ አታውቅም እኮ አለችኝ። ለዚያ ነው አልኳት።

ትኬቱን ቆረጥኩ። ከታች የሚቆም ሰው ስላልነበረ ቦርሳዋን በመሃላችን አስቀመጥነው። ጎማው ተነሳ፤ ፒሩ ዝቅ አለ፣ ዓሣ አጥማጆቹ አነሱ። ላይ ስንደርስ ቦርሳው ውስጥ ስልኳ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እጇን ከላዩ ላይ ጫነችበት፣ አላወጣችውም። እኔ ባሕሩን አየሁ። ያን ሁሉ ሰው ሳመላልስበት ከላይ እንዲህ ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር። አባቴ ባሕር አይተው አያውቁም፤ ስለ ባሕሩም ጠይቀውኝ አያውቁም፣ የሚጠይቁኝ በልተህ ነው ወይ ብለው ብቻ ነበር።

ጎማው ሲዞር ቆይቶ አዘገመና ቆመ። ጎማውን የሚያንቀሳቅሰው ጎረምሳ ብረቱን ከፈተልን። ቀድሜ ወርጄ ቦርሳዋን ተቀበልኳት፣ እንደ ልማዴ።

«በይ፣ አሁን ንገሪኝ» አልኳት።