ሚስማር በከንፈር

ጫማ ሰፊው ሚስማር የሚይዘው በከንፈሩ ነው። አንዱን መትቶ ሳይጨርስ ሌላው ከጥርሱ መሃል ብቅ ይላል። ደንበኞቹ "ባለሚስማሩ" ይሉታል። ሚስቱ ደግሞ "ዝምተኛ እንዳይመስላችሁ፤ አፉ ሥራ ይዞበት ነው" እያለች ትስቅበታለች።

ልቡ እየዘለለ መቆሚያ መቀመጫ ሲነሳው አንዲት ሐኪም ክኒን አዘዘችለት። ልቡም አደብ ገዛ። "ደምዎን በየጊዜው እንየው፤ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም ወይ መድማት ካዩ ፈጥነው ይምጡ" ብላው ነበር። እሱ ግን ደኅና ሆኛለሁ ብሎ ለምርመራው ዝር ሳይል ቀረ።

ድዱ መድማት ሲጀምር ባልም ሚስትም የጠረጠሩት ሚስማሩን ነው። እሷ ባዶ ቆርቆሮ አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠችና "ከዛሬ ጀምሮ የሚስማር ቤት ይሄ ነው" አለችው። አፉ ሥራ ፈታ፤ ደንበኛው ሁሉ ወሬውን ጠገበ። ድዱ ግን መድማቱን አልተወም።

አንድ ጠዋት ሸሚዙን ስታለብሰው ከክንዱ እስከ ብብቱ በልዞ አየች።

"መዶሻ ነው" አላት።

"መዶሻው ብብትህ ሥር ምን ሊሠራ ገባ?"

ግንባሩን ዳሰሰችው፤ እሳት ነው። ምራቁን እንኳ የሚውጠው ፊቱን አጨማዶ ነው።

"ተነስ፣ ሐኪሟ ጋ እንሂድ።"

"ክኒኑን ትቀማኛለች! ልቤ ሲዘል አላየሽም እንዴ? ደግሞ ተዘርሬ እንድታገኚኝ?"

አጠገቡ ተቀመጠች። "አይቻለሁ እንጂ። ማን ሆነና ያነሳህ? አሁንም የትም አልሄድም። በል ጫማህን አድርግ።"

ሐኪሟ የደሙን ውጤት ስታይ ፊቷ ተለወጠ። "አባቴ፣ ክኒኑ ልብዎን አረጋግቶ ደምዎን ጎድቶታል። በሽታ የሚከላከለውም፣ መድማት የሚያቆመውም የደም ክፍል በጣም ወርዷል። ዛሬውኑ እናቆመዋለን። እዚሁ ይተኛሉ፤ ልብዎን በማሽን እየተከታተልን ሌላ መድኃኒት እንሰጥዎታለን።"

የክኒኑን ብልቃጥ ከኪሱ አወጣ፤ ግን ጨብጦት ቀረ። ሚስቱ መዳፏን ደረቱ ላይ አሳረፈች።

"ስጣት። እስከዚያ እኔ እይዘዋለሁ።"

"ልቤን?"

"ታዲያ ሌላ ምን ደኅና ነገር ቀረህ?"

ሳቀ። ሲስቅ ድዱ ደማ። በአንድ እጁ የሚስቱን እጅ ደረቱ ላይ እንደያዘ፣ በሌላው ብልቃጡን ለሐኪሟ ዘረጋላት።