የጎሚስታው ልጅ ከበሮ

ባለፈው እሑድ ሰርግ ቤት ነበርኩ፤ ልበላ ሳይሆን ልመታ። በሥራ ቀን ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነጭ ጋውን ለብሼ ደም እመረምራለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከአንድ የሰርግ ባንድ ጋር ከበሮ እመታለሁ። ሙሽሮቹ ድንኳኑ በር ላይ ደርሰው፣ እኛም እጃችንን አንስተን ልንጀምር ስንል፣ ከአጃቢዎቹ መኪኖች የአንዱ ጎማ ድው ብሎ ፈነዳ። ሚዜዎቹ ተበታተኑ። የሙሽራዋ አክስት "በስመ አብ!" ብለው ደረታቸውን ያዙ። ኪቦርድ ተጫዋቻችን፣ በሌላ ጊዜ ጀግና ነኝ ባዩ፣ ከስፒከሩ ጀርባ ተገኘ። እኔ ግን ሳቄ መጣ፤ ሆዴን ይዤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። የባንዱ ልጆች "ይቺ ልጅ ምን ነካት?" ተባባሉ። ምን ልበላቸው? የጎሚስታ ልጅ ነኝ። ጎማ ሲፈነዳ ሌላው ሰው ይደነግጣል፣ እኔ ግን ተመልሼ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እሆናለሁ።

ያደግኩት ጉለሌ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ የቁስቋም ማርያም ደወል ጥርት ብሎ በሚሰማበት። አባቴ ጋሽ በላይ ከቤታችን ጋር በአንድ የቆርቆሮ ግድግዳ የተያያዘች ጎሚስታ ነበረችው። ከላይ ከተራራው የባሕር ዛፍ ሽታ ይወርዳል፣ ከእኛ በር ደግሞ የተቃጠለ ላስቲክና የማስቲሽ ሽታ ይወጣል፤ ሁለቱ መንገዱ መሃል ይገናኙና ዩኒፎርሜ ላይ ይሰፍራሉ። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ነስራ፣ የባለ ሱቁ ልጅ፣ "አንቺ ስትመጪ እኮ መኪና የገባ ነው የሚመስለኝ" ትለኝ ነበር። አልቀየማትም፤ እሷም በርበሬ በርበሬና ሳሙና ሳሙና ትሸት ነበር።

አባዬ ጎማ ሲመረምር መለኪያውን ከኪሱ የሚያወጣው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ በብረት ዘንግ መታ መታ ያደርገውና ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ጥርት ብሎ ሲጮህ "ይሄ ጠግቧል" ይላል። ድምፁ ሲደነዝዝ ደግሞ "ይሄ ርቦታል።" እንጨት ጭነው ከላይ የሚወርዱ መኪኖች በቆሙ ቁጥር እኔም ከኋላው እየዞርኩ አዳምጥ ነበር። ከፊደል ቀጥሎ የቆጠርኩት ትምህርት ይኸው ነው። አንድ ቀን አንድ ሾፌር ሊቀልድብኝ ብሎ "እስቲ ልጅቷ ትንገረኝ" አለ። ዘንጉን ተቀብዬ ዞርኩና ከኋላ በስተቀኝ ያለው ርቦታል አልኩት። ርቦት ነበር። አባዬ ያን ቀን ደረቱን ነፍቶ ዋለ።

ከበሮዬም የተወለደችው እዚያው ነው። ባዶ የቀለም ጣሳ አፍ ላይ የተቀደደ ከመነዳሪ፣ ያ ጎማው ውስጥ ሆኖ ንፋሱን የሚይዘውን ላስቲክ፣ ቆርጬ ወጠርኩና ዙሪያውን ጠፍሬ አሰርኩት። ድምፅዋ የዋዛ አልነበረም። ሌላዋ የዋዛ ያልነበረች ደግሞ እናቴ ናት።

እማዬ ከቆርቆሮው ግድግዳ ወዲያ፣ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና፣ ለሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች የሐበሻ ቀሚስ ትሰፋ ነበር። እሷ ትምህርቷን ሳትጨርስ ስላቋረጠች የኔን ትምህርት እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቀው። መንገድ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ካየች ትከሻዬን ነካ አድርጋ በአገጯ ታሳየኛለች። ከበሮዬ ሲሰማት ግን መኪናዋን ታቆምና በግድግዳው በኩል ትጮሃለች። "አንቺ ማርታ! ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም!" ይህን ተረት ከመስማቴ ብዛት ባሕር ዛፍ ሳይ ብሽሽቴን ሳይቀር ያመኝ ጀመር።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ነገሩ ከረረ። ያኔ ሚኒስትሪ ፈተና ማለት የቤቱ ሁሉ ፈተና ነው፤ ጎረቤት ሳይቀር ሬዲዮ ይቀንስልሃል። የትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ደግሞ በወላጆች ቀን ሊዘፍን ተሰናድቷል፣ ቀኑም ከፈተናው አንድ ሳምንት በፊት ነው። ዘፋኟ ነስራ ናት። የክበቡን ከበሮ ቆዳ አይጥ ስለበላችው፣ ያለው ከበሮ የኔ ጣሳ፣ ያለችው መቺም እኔው ነበርኩ። እማዬ ይህን ስትሰማ ነገሩን ባጭሩ ዘጋችው። "ከፈተናው በኋላ" አለች። ከፈተናው በኋላ የወላጆች ቀን የለም። አለቀስኩ፣ እራቴንም አልበላም አልኩ፤ ማንም ስላልለመነኝ ግን ቆይቼ በላሁ።

ያስታረቀን አባዬ ነው። መጀመሪያ "ልጅቷ ዛፍ ላይ አይደለችም እኮ፣ ጎማ ላይ ናት" ብሎ እማዬን ሊያስቅ ሞከረ። አልሳቀችም። ከዚያ ሕግ አወጣ። "ከትምህርት ቤት ስትመጣ እኔ ዘንድ ትቀመጥ። ኮምፕሬሰሩ ሲጮህ ለንባብም አይመች፣ ያኔ ትምታ። ዝም ሲል ታንብብ። የሞዴል ፈተናዋ ውጤት በወላጆች ቀን ይነገረን የለ? ወርዶ ከተገኘ ጣሳዋ ከዚያን ቀን ጀምሮ የውሃ መቅጃ ትሁን።" እማዬ ክሯን በጥርሷ በጠሰች። "ከወረደ ግን ልመና የለም" አለች።

"ሲጮህ ምቺ፣ ዝም ሲል አንብቢ።" አባዬ ይህን አሮጌ ጎማ እየነካካ በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋግመው ነበር። ኮምፕሬሰራችን ሳል እንደያዘው ሽማግሌ እየተንገጫገጨ ይነሳና የንፋስ ታንኩ ሲሞላ ጸጥ ይላል። ሲነሳ እርሳሴን ጥዬ ጣሳዬን እስባለሁ፤ ጸጥ ሲል እጄ አየር ላይ እንዳለ ይቆማል፣ ወደ ሒሳቤ እመለሳለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ከምት መሃል መቆረጡ ያናድደኝ ነበር። እያደር ግን ጭንቅላቴ ለመደው። ክፍልፋይ ሳሰላ ምቱ አንድ ጥግ ይዞ ይጠብቀኛል፤ ስመታ ደግሞ እምቢ ያለኝ ጥያቄ ሳላስበው ይፈታል። ያን ወር ኮምፕሬሰሩ እንደ ጉድ ሠራ። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ስለምቀመጥ ማን እንደመጣ አላይም፤ ለአባዬ ደንበኛ በዛለት ብዬ ደስ አለኝ።

በወላጆች ቀን ዋዜማ ጣሳዬ ታመመች። ከምት ብዛት ላስቲኳ ረግቦ ድምፅዋ ደነዘዘ። አባዬ በጣቱ መታ መታ አደረጋት፣ ጆሮውን ዘንበል አደረገና ፍርዱን ሰጠ። "ርቧታል።" ለተራበ ጎማ መድኃኒቱ አንድ ነው፣ እሱም የሚያውቀው ያንኑ ነው። ሌላ ከመነዳሪ ንፋስ ከሚገባበት አፉ ጋር ቆርጦ ወጠረባት፣ ዙሪያዋን በማስቲሽ አሸገ፣ ከዚያ የከባድ መኪና ጎማ ይመስል ንፋስ ሞላባት። ላስቲኩ ጥሩምባ እንደሚነፋ ሰው ጉንጭ ተነፋ። አንዴ ብመታት ሰፈሩ ተሰማ። እኔና አባዬ ተያየን። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ከበሮ ያለን እኛ ብቻ ነን ብለን ኮራን፤ እውነትም ሌላ ማንም አልነበረውም።

በማግስቱ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጣሳዬ ተራዋን ስትጠብቅ የትምህርት ቤቱ ግቢ መሃል፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። ንፋስ የጠገበ ጎማ ፀሐይ ላይ ሲውል ምን እንደሚሆን ጎሚስታም የጎሚስታ ልጅም ያውቃል። ሁለታችንም ግን ያን ቀን የታየን ከበሮ እንጂ ጎማ አልነበረም። አባዬ አንዲቷን ኮቱን ለብሶ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። እማዬ የሚሰፋ ቀሚስ ተከምሮባት ስለ ነበር፣ ውጤቱን ሰምቼ እመለሳለሁ ብላ ከኋላ፣ ከአስተማሪዎቹ አጠገብ ቆማለች።

ነስራ ጀመረች፣ እኔም ተከተልኩ። ድምፃችን ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ሰው አቆመ። ደስ ብሎኛል፣ ትከሻዬ ራሱ ይጨፍራል። አዝማቹ ጋ ስንደርስ ጠንከር ላደርገው እጄን ከፍ አድርጌ አወረድኩት። ድው!

ርእሰ መምህሩ ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ሕፃናት አለቀሱ። የተሸላሚዎቹ ደብተሮች መሬት ላይ ተዘረገፉ። በዚያ ድንጋጤ መሃል አባዬ ብድግ ብሎ፣ ሁለት እጁን እያወዛወዘ፣ "አይዟችሁ! ከመነዳሪ ነው! ከመነዳሪ ነው!" አለ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔ የተበጣጠሰ ላስቲክ የተንጠለጠለበት ጣሳ ታቅፌ ቆሜአለሁ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ነስራ አፏን እንደከፈተች ቀርታለች። ያን ጊዜ ከኋላ ጭብጨባ ሰማሁ። የአድናቆት ጭብጨባ አልነበረም፤ ምት ነበር። የራሴ ምት፣ ሳይዛነፍ፣ ልክ ካቆምኩበት ቀጥሎ። ቀና ብል እማዬ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ፊቷን እንደ ፈታኝ ኮስተር አድርጋ ታጨበጭባለች። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ተቀበሏት፣ ከዚያ ወንበሮቹ፣ ከዚያ ግቢው ሁሉ። ጣሳዋን ገልብጬ ቂጧን መታሁ፣ ነስራም ገባችልኝ። የጨረስነው በእልልታ ነው። እማዬ ምቱን ከየት አወቀችው ብዬ ያኔ አልጠየቅኩም፤ ልጅ እናቱ ሁሉን የምታውቅ ይመስለዋል።

የሞዴል ፈተናው ውጤት አልወረደም፤ ሒሳቡ እንዲያውም ከፍ ብሎ ተገኘ። ዳገቱን ወደ ቤት ስንወጣ እማዬ ወደ አባዬ ዞረች። "ለመሆኑ ከበሮ ውስጥ ንፋስ ሙላ ያለህ ማነው?" አባዬ አቀረቀረ። "እኔ የማውቀው ጎማ ነው" አለ። እሷ መንገድ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሳይቀሩ ምኑንም ሳያውቁ አብረዋት ሳቁ። ጣሳዋም የውሃ መቅጃ ሳትሆን ቀረች።

ሚኒስትሪን አለፍኩ፣ ዓመታት አለፉ፣ ነጭ ጋውኑም መጣ። ላቦራቶሪያችን ውስጥ የደም ናሙና የሚያሽከረክር ማሽን አለ። ሲጮህ ጣቶቼ ጠረጴዛውን ይመታሉ፣ ዝም ሲል ውጤት እጽፋለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ "ማርታ ዛሬም ሰርግ ላይ ናት" ይሉኛል። ሰሞኑን ግን ያ የስምንተኛ ክፍል ጣጣ ተመልሶ መጣብኝ። የማስተርስ መግቢያ ፈተናዬ ደርሷል፣ ባንዱም በዚያው ወር ሥራ በሥራ ሆኗል። ሆስፒታል ያሉት ወዳጆቼ ከበሮውን ተይው ይሉኛል፣ የባንዱ ልጆች ማስተርሱ የት ይሄድብሻል ይሉኛል። ሁሉም ለኔው አስቦ ነው፣ ሁሉም አንዱን ምረጪ ነው የሚለኝ። ጨነቀኝ።

ከሰርጉ በኋላ መጽሐፌንም ከበሮዬንም ይዤ ወላጆቼ ጋ ሄድኩ። ጎሚስታዋ ዛሬ የለችም፤ መንገዱ ሲሰፋ ተነሳች። ኮምፕሬሰሩ ሸራ ለብሶ ግቢው ጥግ ተቀምጧል። አይሠራም፣ አባዬ ግን ለቆራሌው አልሰጥም ብሎ ሙጭጭ ብሏል። የፈነዳውን ጎማ ነገር ስነግራቸው ሁለቱም ፍርስ አሉ። እኔም በሳቁ መሃል "ያን ወር ግን አባዬ እንዴት ያለ ገበያ ነበረህ፣ ኮምፕሬሰሩ እኮ አያርፍም ነበር" አልኩት። አባዬ ጋቢውን ማስተካከል ጀመረ።

"የምን ገበያ?" አለች እማዬ። "ዝንብ ነበር የሚያባርረው። ታንኩ ሞልቶ ዝም ሲል ትንሽ ያስነብብሽና ንፋሱን ይለቀዋል። አንቺ ደብተርሽ ላይ አቀርቅረሽ ልብ አትይም፣ እኔ ግን ፍስስስ ሲል በግድግዳው እሰማለሁ። ታንኩ ሲጎድል ይነሳል፣ አንቺም ትመቻለሽ።"

"እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?"

እማዬ እግሮቿን አየች። "እግሬ አብሮሽ ይረግጥ ነበራ" አለች። "ስትመቺ እረግጣለሁ፣ ስታቆሚ ክር አስገባለሁ። ያን ወር የሰፋሁት ቀሚስ ሁሉ በአንቺ ምት የተሰፋ ነው። አንድም ስፌት አልተጣመመብኝም።"

አለቀስኩ እንዳልል እየሳቅኩ ነበር፣ ሳቅኩ እንዳልል ደግሞ ዓይኔ ሞልቶ ነበር። ሁለት ዛፍ እያለች ስትጮህብኝ የነበረችው ሴት ከቆርቆሮው ወዲያ በሁለት እግሯ ስትከተለኝ ከርማለች። ያኔ የሚለየን አንድ ስስ ቆርቆሮ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ሥራ፣ ደስታና ተንኮል ይሰማል። ዛሬ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ግድግዳው ወፍራም ነው። ስመታ ጎረቤቴ ያንኳኳል እንጂ የሚረግጥልኝ የለም፣ ንፋስ የሚለቅልኝም የለም። ቢሆንም ሕጉ ከእኔ ጋር አለ። ለፈተናውም ለባንዱም እሺ እላለሁ ብዬ እዚያው ቁጭ ባልኩበት ቆረጥኩ፣ መጽሐፌንም ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ጥቂት እንዳነበብኩ አባዬ ጋቢው ውስጥ ሆኖ፣ ማንንም ሳያይ፣ በጥርሶቹ መሃል "ፍስስስ..." አለ። መጽሐፌን ዘግቼ ከበሮዬን ስስብ የእማዬ እግር ቀድሞኝ ጀምሯል።