እናቴ የምትጠይቃት ልጅ

እናቴ ጡረታ እስክትወጣ ያስተማረችው በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። አባታችን ቶሎ ስለሞተ እኛን አምስቱንም ያሳደገችን እዚያው፣ ለመምህራን በተሠራች ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። አሁን ቀጨኔ እኔ ጋ ትኖራለች። ሰማንያን አልፋለች። ያም ሆኖ ከእኛ መካከል እሷን ሳያማክር ልጁን የዳረ ወይም ቤት የሸጠ የለም። እሷ የነገረችን ነገር ስህተት ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አምና ዓይኗን አሳክሜያት ስንመለስ አዲሱ ገበያ የታክሲ ሰልፍ ይዘን ነበር። ደህና የለበሰች፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ከሰልፉ ወጥታ መጣችና የእናቴ ጉልበት ላይ ወደቀች።

«ቲቸር! እርስዎ ነዎት አይደል?»

እናቴ ደንግጣ እጄን ጨበጠች። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ ነገረችኝ። አምስተኛ ክፍል ሳለች አባቷ ሊድራት ቀን ቆርጦ ነበር። እናቴ ቤቷ ወስዳ ደበቀቻት። ሽማግሌ ቢላክባትም «ፈተናዋን ሳትጨርስ አልሰጥም» ብላ እምቢ አለች። ያቺ ልጅ ዛሬ ነርስ ሆናለች። እኔ በዚያን ጊዜ ከተማ አክስቴ ጋ እማር ስለነበር ታሪኩን ሰምቼው አላውቅም።

«ተሳስተሻል ልጄ፣ እኔ አይደለሁም» አለቻት እናቴ።

ግራ ገባኝ። ሴትዮዋ የትምህርት ቤቱን ስም እንኳ በትክክል ጠርታለች። ስልኳን ተቀብያት ተለያየን።

ቤት ስንደርስ እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ለምን ካድሻት?»

«እሷን ስደብቅ አባትየው ታናሿን ዳረ። ድግሱ ተደግሷላ! ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ‹ረ›ን ገልብጣ ነበር የምትጽፈው። ታዲያ ምን ብዬ ልመስገን?»

ሳመነታ ሰንብቼ ለሴትዮዋ ደወልኩላትና ስለ እህቷ ጠየቅኳት።

«የቷ እህቴ?» አለችኝ። «እኔ እኮ ለአባቴ ብቸኛ ሴት ልጅ ነኝ። ታላላቆቼም ታናናሾቼም ወንዶች ናቸው።»

እናቴ ይህን ስትሰማ እፎይ የምትል መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ፊቴን ትክ ብላ አየችኝና «ታዲያ ያቺ የማን እህት ናት?» አለች።

ሌላ የደበቀቻት ልጅ ነበረች? ወይስ ዕድሜ ሁለት ታሪክ ቀላቅሎባት? ወይስ ይህን ሁሉ ዘመን ያዘነችው ላልነበረች ልጅ ነው? ታላቅ ወንድሜን ብጠይቀው «እንዲህ ያለ ነገር ትዝ ይለኛል» አለኝ። ታናሼ ደግሞ «በቃ ተያት፣ አርጅታለች» አለኝ። ማንን ልመን?

ሴትዮዋ እሁድ እሁድ መምጣት ጀመረች። እናቴ አሁን አትክዳትም፤ ስማት አጠገቧ ታስቀምጣታለች። ሴትዮዋ የደም ግፊቷን ስትለካላት ግን እናቴ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቃታለች።

«እህትሽ ደህና ናት?»

«ቲቸር፣ እህት የለኝም» ስትላት እናቴ ቀኑን ሙሉ ስትተክዝ ትውላለች። ባለፈው እሁድ ሴትዮዋ እኔን አየት አደረገችና «ደህና ናት፤ ልጆችም ወልዳለች» አለቻት።

እናቴ «ተመስገን» አለች። ምሳዋንም ጠግባ በላች።

ሴትዮዋን በር ድረስ ስሸኛት ልቆጣት ይሁን ልስማት አላወቅኩም። «አጠፋሁ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኳት።