የቅዳሜ ረፋድ ማስታወቂያ

እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ሰፈሩ የሚጠራው «ሽቦ» ብሎ ነው፤ ልጆች ደግሞ «ጋሼ ሽቦ»። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ገመድ እየጎተተ በየቤቱ ቴሌቪዥን ሲያስገባ የኖረ ሰው ነውና ቢባልም አይበዛበትም። በደህናው ጊዜ ሦስት መቶ ቤት ነበረው። ዲሽ መጣ፣ ኢንተርኔት ተከተለ፤ አሁን የቀሩት አርባ አንድ ናቸው፤ እነሱም አብዛኞቹ ጉልበታቸው የደከመ፣ አዲስ ነገር መልመድ የታከታቸው።

የገመድ ቴሌቪዥን ፈቃድ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ለእድሳቱ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአካባቢው ሰው የሚቀርብ ዝግጅት ናሙና ነው። ይህ የሚስቱ ሥራ ነበር። ቅዳሜ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ በኋለኛው ክፍል፣ ሰማያዊ መጋረጃ ፊት ተቀምጣ፣ የሰፈሩን ማስታወቂያ ታነብ ነበር። የጠፋ ቁልፍ፣ የሚከራይ ክፍል፣ የሚቋረጥ ውሃ።

ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗል። ከቀብሯ በኋላ በመጣው ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት ሲሞላ ባዶ መጋረጃ ማሳየት አቃተውና የመጨረሻ ንባቧን ለቀቀው። ማንም ምንም አላለም። በሳምንቱ ደገመው። እያደር ለመደ። ብቻውን ሲያያት ሞታለች፤ አርባ አንድ ቤት አብሮት ሲያያት ግን፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ሱቅ ደርሳ የምትመለስ ይመስለው ነበር።

የእድሳቱ ጊዜ ሲደርስ ያንኑ ዲስክ ከማመልከቻው ጋር አያይዞ ሄደ። ሌላ ምን አለው?

ፋይሉን የተቀበለችው ባለሙያ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ነበረች። ዲስኩን ከፍታ አየች።

«እንደምን አረፈዳችሁ፣ ጎረቤቶች» አለች ባለቤቱ ከኮምፒውተሩ ውስጥ። «ማክሰኞ ውሃ ይቋረጣል፤ ዕቃችሁን ሙሉ። ድልድዩ እየተጠገነ ስለሆነ በላይኛው መንገድ ዙሩ።»

ባለሙያዋ ቀና አለች። «አባቴ፣ እኔ በዚያ ድልድይ ነው የምመላለሰው። ጥገናው ካለቀ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው እኮ!»

«ይሁን፤ ጥንቃቄ አይጎዳም።»

ሳቀች። «የዚህ ሳምንት መሆን አለበት። እሳቸው ይምጡና አዲስ ያንብቡ።»

«አትመጣም» አለ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረው። «ባለቤቴ ነበረች።»

ልጅቷ ድምፁን ዘጋችው፤ ምስሉን ግን ወዲያው አላጠፋችውም። «ሕጉን እኔ አላወጣሁትም፣ አባቴ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አሥራ አምስት ቀን ልስጥዎት። ከዚያ ካለፈ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ገመዱም ይነሳል።»

በመንገዱ ሁሉ አሰላሰለው። ፈቃዱ ቢታደስም ባይታደስም፣ እሷ ከሰው ቤት መውጣቷ ነው።

ለአዲስ ንባብ አዲስ ወሬ ያስፈልጋል፤ ወሬ ደግሞ ከልብስ ሰፊዋ አይጠፋም። ጎረቤቱ ናት፤ የባለቤቱም ጓደኛ ነበረች። ነገሩን ሲነግራት መርፌዋን አቆመች።

«እንግዲያ ከማክሰኞው ውሃ ልትገላግለኝ ነው?»

«የቱ ውሃ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ጄሪካን እሞላለሁ።»

«እንደማይቋረጥ አታውቂም እንዴ?»

«ምን ነካህ፣ አንተ ሽቦ! አሳምሬ አውቃለሁ። እሷ ‹ሙሉ› እያለችኝ እንዴት እተዋለሁ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ከግድግዳው ወዲያ እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ አለማወቁ ከነከነው።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ካሜራውን አብርቶ በባለቤቱ ወንበር ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠርጎ የጤና ጣቢያውን የክትባት ቀን ማንበብ ሲጀምር ስልኩ ጮኸ። ልብስ ሰፊዋ ናት።

«አንገትህ ጎበዝ አንባቢ ነው፤ ፊትህን የት አደረስከው?»

ካሜራው በባለቤቱ ቁመት ልክ እንደቆመ ነበር። ብሎኑን ፈታ አድርጎ ከፍ ማድረግ የደቂቃ ሥራ ነው። እጁን ሰደደ፤ መለሰው። ወንበሩን ገፋና በረንዳ ላይ ጫማ የሚያጠልቅበትን አጭር በርጩማ አመጣ። ጉልበቱ አገጩ ሥር ደርሶ፣ ተኮራምቶ፣ ከመጀመሪያው አነበበ።

«ማክሰኞ ውሃ አይቋረጥም» አለ መጨረሻ ላይ። ወረቀቱን አጠፈ። «መሙላት የለመደ ይሙላ።»

ሰኞ ዕለት ባለሙያዋ አዲሱን ዲስክ እስከ ዳር አየች፤ ማኅተሟንም አሳረፈች። ከዚያ አሮጌውን ከመሳቢያዋ አወጣች።

«ይኸው ይውሰዱት፣ አባቴ። ቅጂ አለዎት?»

«ሞልቶኛል። እሱ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጥልኝ፣ ልጄ። እናንተ ዘንድ ምንም አይጣልም ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ባለሙያዋ አላንገራገረችም። ዲስኩን ከፈቃዱ ግልባጭ ኋላ አስገብታ ፋይሉን በገመድ አሰረችና ከኋላዋ ካለው መደርደሪያ ላይ አቆመችው። እሱም የትኛው ረድፍ እንደሆነ በዐይኑ ከያዘ በኋላ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።